ጣት የማይለካው ውፍረት፦ ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ኦቾሎ ዳገት

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ የአባያን ሐይቅ በስተቀኝ እያየ በሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የላንቴን የሙዝ ማሳዎች ያገኛል። ከዚያ በስተግራ፣ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነጥሎ በተነሣው ከፍታ ላይ የኦቾሎ መንደር ተቀምጣለች። ኦቾሎን በዓለም የማኅበረሰብ ጥናት መጻሕፍት ያስጠራት የጉባኤ ሥርዓቷ ነው፤ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡ በአደባባይ ተሰብስቦ ጉዳዩን እንዴት እንደሚመክርበት ጽፏል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ዳገቷን ነው።

በዚህ ዳገት ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ፣ ከእኛ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው አንድ የአይሱዙ አሽከርካሪ ነበር። መኪናው ከላይ ደርሶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ወደ ጋራዥ ወሰደው፤ በመመሪያው መጽሐፍ የታዘዘውን 15ደብልዩ40 ዘይት አፍስሰው ወፈር ያለውን 20ደብልዩ50 ሞሉለት፤ መብራቷም ጠፋች። ነገሩ ስላላረካው ይመስላል፣ አንድ ቀን «ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ትክክል ነው?» ሲል ጠየቀን። ብዙም ሳናስብ «መብራቷ ከጠፋች ደግ ነው» አልነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ ሰው እንደ ጫነ ዳገቱ ላይ እየተንኳኳ ቆመ። በሰው ላይ ጉዳት ባይደርስም ብሮንዚናው ተበልቶ፣ ክራንክ ዘንጉ ተፍቆ፣ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ለሳምንታት ተቋረጠ። ለተማሪዎቻችን የፈሳሾችን ፊዚክስ በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች የሰጠነው መልስ ያ ነበር። ይህችን ጽሑፍ ያስጀመረንም እርሱ ነው።

በጋራዥ ቋንቋ «ውፍረት» የሚባለውን በፊዚክስ ዝልግልግነት እንለዋለን፤ ፈሳሹ በንብርብር ሲንሸራተት አንዱ ንብርብር ሌላውን የሚጎትትበት ኃይል መለኪያ ነው። ከእፍግታ ጋር መምታታት የለበትም። ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ በላዩም ይንሳፈፋል፤ በዝልግልግነት ግን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ይህን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሒሳብ መልክ ያነሣው ኒውተን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1687።

ዘይት ብረትን ከብረት የሚያርቀው እንዴት እንደሆነ የተገለጠው ደግሞ በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቦሻም ታወር የባቡር ዘንግ የሚሽከረከርበትን አቃፊ ሲመረምር ከላይ ቀዳዳ አበጀለት። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ፈሰሰ። ቢደፍነው መድፈኛው ተገፍቶ ወጣ፤ የግፊት መለኪያ ቢያስገባበት ቆጣሪው ከልኩ አለፈ። ዘይቱ ዝም ብሎ ብረቱን የሚያለሰልስ ቅባት አልነበረም፤ የሚሽከረከረው ዘንግ እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ስለሚያስገባው ጭነቱን በራሱ ግፊት ይሸከም ነበር። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 የሒሳብ ማብራሪያውን ሰጠ። በቀላሉ ሲነገር፣ የዘይቱ ስስ ንጣፍ የሚወፍረው ዝልግልግነትና የዘንጉ ፍጥነት ሲጨምሩ ነው፤ ጭነት ሲከብድ ይሳሳል። እነዚህን ሦስቱን አንባቢ ይያዝልን፤ ዳገቱ ላይ እንፈልጋቸዋለን።

አሁን በጣሳው ላይ ወደ ታተሙት ቁጥሮች እንምጣ። ደረጃውን ያወጣው ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምደባ እ.ኤ.አ. የ1911 ነው። «ደብልዩ» ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቆሟል፤ የእነርሱ ክረምት ማለታችን ነው፣ የሐምሌው ዝናብ አይደለም። ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚታዘዝ ይናገራል፤ 20ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 5ደብልዩ ከዜሮ በታች በ30 ነው። እኛ በውጭ አገር ስንማር ለዚህ ቁጥር እንጨነቅ ነበር፤ በዚያ ብርድ መኪና አለመነሣቱ የተለመደ ነገር ነውና። በአርባ ምንጭ ቀትር ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ብርዳማዋ ጨንቻ እንኳ ወደዚያ ፈተና አትቀርብም። ስለዚህ ሞተር ለማስነሣት ብቻ ከሆነ የፊተኛው ቁጥር እዚህ ብዙ አያስጨንቅም።

ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ የተለካ ነው። መለኪያው ሴንቲስቶክስ ይባላል፤ ውሃ በ20 ዲግሪ 1 ሴንቲስቶክስ ገደማ ነው። 30 ተብሎ የተመደበ ዘይት በ100 ዲግሪ ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 የተባለው ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 የተባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

የጣት ምርመራ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በየጋራዡ ዘይት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ታሽቶ «ይህ ውሃ ነው» ወይም «ይህ ዘይት ነው» ይባላል። ጣት የሚለካው ግን በአየሩ ሙቀት ነው። የተለመደ 5ደብልዩ30 በ40 ዲግሪ ከ60 እስከ 70 ሴንቲስቶክስ ሲሆን፣ 20ደብልዩ50 ወደ 160 ይደርሳል፤ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። በ100 ዲግሪ የመጀመሪያው ወደ 10.5፣ ሁለተኛው ወደ 18 ይወርዳሉ፤ ልዩነቱም ወደ 1.7 እጥፍ ይጠባል። ቅጥነቱ ጣታችንን ያስደነገጠው ዘይት በሞቀ ሞተር ውስጥ ከሌላው ያን ያህል አይርቅም። የዚህ ምክንያቱ በከፊል ዘይቱ ውስጥ የሚጨመሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው፤ በብርድ ተጠቅልለው ይተኛሉ፣ በሙቀት ይዘረጋሉ፣ ዘይቱም በሙቀት ፈጥኖ እንዳይቀጥን ይገቱታል።

ታዲያ የወዳጃችን ሞተር ምን ነካው? የዘይት መብራት የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው፤ ያውም ከአንድ ልክ በላይ ወይም በታች መሆኑን። ምን ያህል ዘይት ወደ ዘንጉ እንደ ደረሰ አታውቅም። በብሮንዚናና በዘንግ መካከል ያለው ክፍተት በመበላት ሲሰፋ ዘይቱ በጎን ያመልጣል፤ የሚያመልጠውም መጠን እንደ ክፍተቱ ስፋት ኩብ ነው። ክፍተቱ እጥፍ ከሆነ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት ስምንት እጥፍ ዘይት ያመልጣል። ከ40 ወደ 50 መሸጋገር ግን ዝልግልግነቱን የሚጨምረው ወደ 1.3 እጥፍ ያህል ነው። ያቺ ጥቂት ጭማሪ ከልኩ በትንሹ ወርዶ የነበረውን ግፊት ከልኩ በትንሹ አሳልፋ መብራቷን አጠፋች፤ የተበላውን ብሮንዚና አልተካችም። መብራቷ እውነቱን ስትናገር ነበር፣ እኛ አፏን ዘጋንባት።

ዳገቱስ? የኦቾሎን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ በከፍተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጨነቀ የሚወጣ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያበላሻል፤ ጭነቱ ይከብዳል፣ የዘንጉ ዙር ይቀንሳል። መኪናው ቀስ ብሎ ስለሚሄድም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያንሳል፣ ዘይቱ ይሞቃል። ከ100 ወደ 130 ዲግሪ ቢደርስ ዝልግልግነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ከ40 ወደ 50 በመቀየር ከሚገኘው ጭማሪ ይበልጣል። በጊዜ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መመለስና የራዲያተሩን ውሃ መቆጣጠር ለዘይቱ ንጣፍ የሚያደርጉትን የጣሳው ቁጥር ብቻውን አያደርገውም።

ይህ ማለት ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። የከተማችንን መንገዶች የሞላው ባለ አራት ምት ባጃጅ ለ20ደብልዩ50 የተሠራ ነው፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ይግላል፣ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ሰበቃ እንዲቀንስ ተብሎ የተቀመመ የመኪና ዘይት ቢደረግበት ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል። በአንጻሩ የቪትዝ ሞተር ጠባብ መተላለፊያዎች ስላሉት ለቀጭን ዘይት የታቀደ ነው፤ ወፍራሙ በማለዳ ወደ ሞተሩ ራስ እስኪደርስ ይዘገያል፣ በመንገድ ላይም ነዳጅ ያስበላል። የአንዱ ትክክለኛ ዘይት የሌላው ስሕተት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በናፍታ ሞተር ውስጥ ዘይት ቶሎ መጥቆሩ የመበላሸቱ ምልክት አይደለም፤ ጥላሸቱን ይዞ ማንሳፈፍ አንዱ ሥራው ነው። የነዳጅ ሽታ ካለውና ከመለኪያው በላይ ከፍ ካለ ግን መፍራት ይገባል፤ ነዳጅ ዘይትን ያቀጥናል።

ማረጋገጥ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ዘይት በሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች ሞልታችሁ ከብስክሌት ፔዳል የወጡ ትናንሽ የብረት ጥይቶችን ጣሉባቸው። እ.ኤ.አ. በ1851 ስቶክስ ባሳየው ሕግ መሠረት ጥይቱ ወዲያው ወጥ ፍጥነት ይይዛል፤ ዘይቱ በዘለገለገ መጠንም ይዘገያል። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ድገሙት፤ ሁለቱ ጊዜያት እንዴት እንደሚቀራረቡ በሰዓታችሁ ታያላችሁ።

አሽከርካሪው ሞተሩን አስወርዶ፣ ዘንጉን አስፍቆ፣ ብሮንዚናውን በልኩ አስቀየረ። «አሁንስ የቱን ልሙላ?» ብሎ በድጋሚ ሲመጣ እኛ መልስ ከመስጠታችን በፊት የመመሪያውን መጽሐፍ አስወጣነው። 15ደብልዩ40 ሞላ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን አብረነው ወደ ኦቾሎ ወጣን፤ ከላይ ደርሶ ሞተሩን በሚኒሞ ተወው፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ከመብራቷ ላይ ሳናነሣ ቆየን። አልበራችም።