የጓሮ ዶሮዎችና ዳክዬዎች የአንጀት ተውሳክ፦ መድኃኒት ብቻውን ለምን አይበቃም?

በአትላንታ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው በብሩክሄቨን ዶሮና ዳክዬ በአንድ ጓሮ የሚያረባ ቤተሰብ፣ በሰኔና በሐምሌ ሙቀት የሚከተለው ሊገጥመው ይችላል። የአንድ ወር ዕድሜ ያላት ጫጩት ላባዋን አንጨብርራ፣ ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። መኖዋን ትተዋለች፤ ኩሷ ላይም ደም ይታያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላደገ ሰው ወደ አእምሮው ቀድሞ የሚመጣው ፈንግል ነው፤ ዶሮ ባለቀ ቁጥር ስሙ የሚነሳው እሱ ነውና። ፈንግል ግን በቫይረስ የሚመጣ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ክትባት የሚመረትለት ሌላ በሽታ ነው። ደም የቀላቀለ የጫጩት ኩስ በአብዛኛው የሚጠቁመው ኮክሲዲዮሲስን ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ፈንግል ሕክምና የለውም፤ ኮክሲዲዮሲስ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባለአንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ይራባል፤ ከ4 እስከ 7 ቀናት ባለው ጊዜም ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ቅንጣቶች ሆኖ ከኩስ ጋር ይወጣል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቶቹ እንደወጡ ወዲያው በሽታ አያስይዙም፤ ለመብሰል ሙቀት፣ አየርና እርጥበት ያለበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሻሉ። ጉዝጓዙ ደረቅ ከሆነ ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ። በአትላንታ ግን በዓመት ወደ 1,270 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ የጆርጂያ ቀይ ሸክላ አፈርም ውሃን ቶሎ አያሰርግም።

ዳክዬ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። የዶሮው ኮክሲዲያ ዳክዬን አይዝም፤ የዳክዬውም ዶሮን አይዝም። ዳክዬ የራሷ ተውሳክ አላት፤ ከእነዚህ አንዱ የዳክዬ ጫጩቶችን ይገድላል። ዳክዬ ለዶሮ የምታተርፈው ተውሳኩን ሳይሆን ጭቃውን ነው፤ ውሃ ሳትረጭ አትበላምና። ስለዚህ የዳክዬዎችን ውሃ ከዶሮዎቹ ቤት ማራቅ፣ ከሥሩም ጠጠርና የሽቦ ወንፊት ማድረግ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

የታመሙ ወፎች መኖ ቢተዉም ውሃ ስለሚጠጡ፣ አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት የሚሰጠው በውሃ ነው። በአሜሪካ ባለ 9.6 በመቶው ፈሳሽ ሕመሙ ሲበረታ በ1 ሊትር ውሃ 2.5 ሚሊ ሊትር ሆኖ ከ3 እስከ 5 ቀናት፣ ከዚያም መጠኑ ወደ ሩብ ዝቅ ብሎ ለ1 ወይም 2 ሳምንታት ይሰጣል። በጓሮው ሌላ ኩሬ ካለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ መድኃኒት የሌለበትን ውሃ ይጠጣሉ። መድኃኒቱ የተውሳኩን የቫይታሚን ቢ1 አጠቃቀም የሚያሰናክል በመሆኑ በእነዚያ ቀናት ይህን ቫይታሚን መጨመር ሕክምናውን ያዳክማል። መድኃኒቱ የተፈቀደው ለዶሮና ለቱርክ ስለሆነ ለዳክዬ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል።

በረኪና አይረዳም። የቅንጣቶቹን ሽፋን አይበሳም፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ ጠርጎ ማውጣትና ቤቱን ፀሐይ ማስመታት ይሻላል። ጫጩቶቹ ለኮክሲዲዮሲስ ከተከተቡ ደግሞ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ መስጠት አይገባም፤ ክትባቱ ሕያው ተውሳክ በመሆኑ መድኃኒቱ ያመክነዋል።

ወስፋት ሌላ ነገር ነው። እንቁላሉ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ የሚያጠቃቸውም ዶሮዎች ቀስ እያሉ ይከሳሉ፣ እንቁላል ይቀንሳሉ። ለዚህ በአሜሪካ ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎችም የተፈቀደ፣ በውሃ የሚሰጥ ፌንቤንዳዞል አለ፤ በ1 ኪሎ ግራም ክብደት 1 ሚሊ ግራም ለ5 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ እንቁላሉንም መጣል አያስፈልግም። ይሁንና የትኛው ተውሳክ እንደሆነ የሚለየው የኩስ ምርመራ ነው፤ ሳያስመረምሩ ሁለቱንም መድኃኒት መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጆርጂያ በሥጋ ዶሮ ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዷ በመሆኗ ምርመራው ሩቅ አይደለም። የግዛቲቱ የዶሮ ላቦራቶሪ ማዕከል የሚገኘው ከብሩክሄቨን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ በሆነችው በጌይንስቪል ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ብዙ ወፎች በድንገት ከሞቱ ግን የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በጥር 2025 በግዛቲቱ በሚገኝ የንግድ ዶሮ እርባታ ተገኝቷል። እንዲህ ሲሆን ሬሳውን በባዶ እጅ ሳይነኩ ለግዛቲቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል።