የጤፍን ቅንጣት በቀላል ዋጋ አጉልቶ ማንሳት

ከቢቸና ማሳ የተገኘች አንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርሷን አጉልቶ ለማንሳት የግድ ውድ የማክሮ ሌንስ ያስፈልገናልን? አያስፈልገንም። ሌንስ ከካሜራው ሴንሰር በራቀ መጠን ይበልጥ የቀረበን ነገር አጥርቶ ያሳያል፤ ምስሉም ይጎላል። ስለሆነም በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና በካሜራው መካከል 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቀለበት ብናስገባ፣ በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል ከቅንጣቷ ጋር እኩል ይሆናል። ቀለበቱ መስተዋት ስለሌለው ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ዝቅ ስለሚል ካሜራውን አጽንተን በፀሐይ ብርሃን ማንሳት ይገባናል። ስልክ ብቻ ያለንም ብንሆን፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ከስልኩ ሌንስ ፊት አስጠግተን፣ ቅንጣቷን በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ማንሳት እንችላለን። እንግዲህ የጤፍን ዘር ከአረም ዘር ለይቶ በምስል ለመመዝገብ የሚሻ የቢቸና ተማሪ ውድ ሌንስ እስኪያገኝ ሥራውን ማዘግየት የለበትም።