በማህፀን ራጅ ኮንትራስት አልፎ አልፎ የሚከሰቱ ጉዳቶች

ሂስተሮሳልፒንጎግራፊ (በአጭሩ ኤች.ኤስ.ጂ.) ማርገዝ ያልቻለች ሴት የማህፀኗ ቅርጽና የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆን አለመሆናቸው በራጅ የሚታይበት ምርመራ ነው። እነዚህ አካላት በተራ ራጅ ስለማይለዩ፣ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ (ኮንትራስት) በማህፀን በር በኩል ይገባል። አብዛኞቹ ሴቶች የወር አበባ ሕመም ከሚመስል ቁርጠትና ከጥቂት ደም በቀር ሌላ አይደርስባቸውም። ከባድ ጉዳት ጥቂት ነው፤ ዓይነቱም ኮንትራስቱ ውሃማ ወይም ዘይታማ እንደመሆኑ ይለያያል።

ውሃማው ቶሎ ወደ ደም ገብቶ በሽንት ይወጣል። ጉዳት ካመጣም በአብዛኛው የቆዳ ሽፍታ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ አለርጂ ነው። ከዘይታማዎቹ ዋናው ሊፒዮዶል በ1901 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተሠራ፣ ከአዮዲን ጋር የተዋሃደ የፖፒ ዘር ዘይት ሲሆን፣ ከሰውነት እስኪወጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

የዘይት ኢምቦሊዝም

በጣም የሚፈራው ዘይቱ በማህፀን ግድግዳ በኩል ወደ ደም ሥር ሲገባ ነው። ይህ የሚሆነው ፈሳሹ በኃይል ሲገፋ፣ ቱቦዎቹ ተዘግተው መውጫ ሲያጣ፣ ወይም ማህፀኑ በቅርቡ ተጠርጎ ቁስሉ ገና ሳይድን ሲቀር ነው። ውሃማው ቢገባ ከደም ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይት ግን አይቀላቀልም። ጠብታዎቹ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ሄደው ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፤ ሴትዮዋ ትስላለች፣ ደረቷን ያማታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ጠብታዎቹ ሳንባን አልፈው አንጎልና ዓይን የደረሱበት፣ ሞትም ያስከተሉበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሐኪሙ ምስሉን በስክሪን እየተከታተለ ዘይቱን ጥቂት በጥቂት ይሰጣል፤ ወደ ደም ሥር መግባቱን ካየ ወዲያው ያቆማል።

ታዲያ ዘይቱ ለምን አልተተወም? በኔዘርላንድስ በ1,119 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በ6 ወር ውስጥ የዘለቀ እርግዝና ያገኙት ዘይታማው ከተሰጣቸው 39.7 በመቶ፣ ውሃማው ከተሰጣቸው 29.1 በመቶ ነበሩ።

የታይሮይድ ዕጢ መዛባት

አንድ ሚሊ ሊትር ሊፒዮዶል 480 ሚሊ ግራም ያህል አዮዲን አለው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነውና፣ ይህ ከ8 ዓመት ፍጆታ ይበልጣል። አዮዲን ሲበዛ ዕጢው ሆርሞን ማምረቱን ለጊዜው ይቀንሳል፤ ቀድሞውንም ደካማ ከሆነ ድክመቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ በአዮዲን እጥረት የተነሳ እንቅርት ያለባት ሴት (በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች እንግዳ ነገር አይደለም) ትርፍ አዮዲን ስታገኝ ዕጢዋ ከልክ በላይ ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል።

ሴትዮዋ ካረገዘች፣ ቀሪው አዮዲን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል። በጃፓን ከእንዲህ ያሉ እናቶች በተወለዱ አንዳንድ ሕፃናት ላይ የታይሮይድ ድክመት ታይቷል። ስለዚህ ዘይታማው ከመሰጠቱ በፊትና ከተሰጠ በኋላ የታይሮይድ የደም ምርመራ ማድረግ ይመከራል፤ እናትየዋም ይህን ኮንትራስት መውሰዷን ለሚያዋልዷት ከነገረች፣ ሕፃኑ እንደተወለደ በጊዜ ሊመረመር ይችላል።