"ነብር!" ብሎ ጥሏት ሮጠ

ሰሞኑን አምቦ ብቅ ብዬ ነበር። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ "ቡና ልጋብዝህ" ብሎኝ ቁጭ እንዳልን ፊቱ ጥቁር ብሎ አየሁትና ምን ሆነሃል አልኩት።

"ሰርጌ ሊቀር ነው" አለኝ።

"ኧረ በምን ምክንያት?"

"በድኩላ!"

አትሳቁ! እኔ ስቄ ተቀይሞኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁና እጮኛው አንድ እሁድ ከሰዓት ከጊንጪ በላይ ወዳለው የጭሊሞ ደን ይሄዳሉ። ጭሊሞን የማታውቁት ካላችሁ ጊንጪ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ደኑ ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ሞልቶበታል። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጊንጪ ተማሪዎች ተቃውሞ ሲያነሱ አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ደን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። (ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ።)

እና ልጅቷ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ መጥታለች። ጭቃው ሲያስቸግራት አወለቀችው፤ እሱም እንደ ጨዋ ሰው ተሸከመላት። ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከቁጥቋጦው ውስጥ "ሃው!" የሚል ሻካራ ድምፅ ወጣ። ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ልጁ "ነብር!" አለና እግሬ አውጪኝ! መኪናቸው ጋ እስኪደርስ ዞር ብሎም አላየ።

ልጅቷ ግን የጌዶ ልጅ ናት፤ ገጠር ነው ያደገችው። ቆማ አየችው። ቀንድ ያለው ነብር የት አለ? ድኩላ ነበር።

አሁን ወንድሜ በምን ተሳሳተ? በድምፁ ነው። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮሃል፤ ያውም ጉሮሮው እንደ ታመመ ትልቅ ውሻ። የማያውቅ ሰው ያስበረግጋል። የእኛ ደጋ ድኩላ ደግሞ ከሌላው አገር ድኩላ የተለየ ዝርያ ሲሆን "የምኒልክ ድኩላ" ይሉታል፤ የትም ሌላ አገር የለም። ወንዱ ጠጉሩ ረዘም ያለና ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፤ ጠምዘዝ ያለ ቀንድ አለው። ሴቷ ቀላ ትላለች፤ ቀንድ የላትም። ነብር እንደ ውሻ አይጮህም። የነብር ድምፅ ሰው እንጨት በመጋዝ ሲቆርጥ እንደሚሰማው ነው፤ ኽር… ኽር… ኽር።

በሸዋ ደኖች ነብር የለም እያልኩ አይደለም። ግን ነጥብ ያለበት ሁሉ ነብር አይደለም፤ እዚህ ላይ የብዙ እንስሳ ሕይወት ይጠፋል። ልጅ ሆኜ አምቦ ውስጥ በሰፈራችን አንድ ማታ "የነብር ግልገል ገባ!" ተብሎ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ። ቀጥቅጠው ገደሉት። ጠዋት አንድ አዛውንት መጥተው አዩትና "ይኼማ ጥርኝ ነው፤ ምን አደረጋችሁ?" አሉ። ሁሉም እየሾለከ ወደየቤቱ ገባ። ያን ቀን የነበረውን ዝምታ እስካሁን አልረሳውም።

ጥርኝን ለማወቅ ፊቱን እዩት፤ ዓይኑ አካባቢ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ጀርባው ላይ ሲቆጣ የሚቆም ጋማ አለው። አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ክብደቱ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፤ ፍራፍሬና ነፍሳት ሳይቀር ይበላል። ለዘመናት ለሽቶ ወደ ውጭ ስንልከው የኖርነው ዝባድ የሚገኘው ከእሱ ነው። እናንተ ለፍቅረኛችሁ የምትገዙት ሽቶ ወግ የጀመረው ምናልባት ከአንድ ጥርኝ ይሆናል!

ዶሮ የሚሰርቀው ሸለምጥማጥ ደግሞ ድመት የምታክል፣ ሰውነቷን የሚያህል ረጅምና ቀለበት ቀለበት ያለው ጅራት ያላት፣ ዛፍ የምትወጣ ናት። አነር እግሩ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጆሮው ትልቅ፣ ጅራቱ አጭር ነው፤ ሣር ውስጥ አይጥ ሲያድን ይውላል፤ ለገበሬ ባለውለታ ነው። ነብር ግን ጎኑ ላይ ያለው ነጠላ ነጥብ ሳይሆን ነጥቦች ተሰብስበው የሠሩት ቀለበት ነው። በቃ፣ ጅራትና ፊት ካያችሁ አትሳሳቱም።

ጉሬዛንማ ማን ይስተዋል? ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ፊልም ነው። አውራ ጣት የለውም፤ ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን ከእኛው ወስዶ "ጉሬዛ" ብሎ መዘገበው። ዓለም በእኛ ቋንቋ ሲጠራው እኛ ቆዳውን ምንጣፍ አድርገን ሳሎን አነጠፍነው።

ጦጣ አመድማ፣ ፊቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ዙሪያ ነጭ ጠጉር ያላት ናት። ሙዝ አታጉርሷት፤ የለመደች ቀን የእጅ ቦርሳችሁን ነው የምትነጥቀው። ብትነክስ ደግሞ ቀልድ የለም። ቀበሮም ሆነ ሌላ የዱር እንስሳ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ እየተንገዳገደ ከመጣ ያበደ ሊሆን ስለሚችል ራቁት። ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። "እውነት ነብር ቢሆንስ ኖሮ፣ መሮጤ ጥፋት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ጥፋት ነው! ከነብር ፊት የሚሮጥ ራሱን ታዳኝ ያደርጋል። ጀርባ ሳይሰጡ፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። ልጅቷን አስከትሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አሁን ቡና የሚጋብዘው እኔን አይሆንም ነበር።

ለማስታረቅ ልጅቷን አገኘኋት። እንደሚወዳት፣ እንደተጸጸተ፣ ሰው ሲደነግጥ ምን እንደሚሠራ እንደማያውቅ ብዙ አወራሁላት። ረጋ ብላ ሰማችኝና፣

"ፈርቶ መሮጡንስ ይቅር ልበለው" አለች። "ጫማዬን ይዞ ለምን ሮጠ?"