ባንድ ክፍል ነው እንጂ ክበብ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ አንድ ቅጽ ይደርሰዋል። ልጁ ከቦርሳው አውጥቶ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ይላል፤ እናት ሥራ ለመግባት እየተጣደፈች ትፈርማለች። በብዙ ትምህርት ቤት ደግሞ ቅጹ በኮምፒውተር ስለሚሞላ ልጁ ብቻውን ይጨርሰዋል። የሚጠየቀው በሚቀጥለው ዓመት ጁኒየር ሃይ ወይም ሚድል ስኩል ሲገባ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ፣ ከሳይንስና ከማኅበራዊ ትምህርት ሌላ ምን መማር እንደሚፈልግ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እዚያ ላይ ከሚደረጉት ምልክቶች አንዳንዶቹ ልጁን ለሦስት ዓመት ይከተሉታል።

ጁኒየር ሃይ የሚባለው ደረጃ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የተከፈተው ኢንዲያኖላ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ሰባተኛን፣ ስምንተኛንና ዘጠነኛን ክፍል ለብቻ ይዞ ነበር የተነሣው። ዛሬ አብዛኛው አካባቢ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን አንድ ላይ አድርጎ ሚድል ስኩል ይለዋል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ልጁ መንገዱን ከመምረጡ በፊት ብዙ ነገር ይሞክር። ተመራጭ ትምህርት ትልቅ ቦታ የተሰጠውም ለዚህ ነው።

አገር ቤት ለተማረ ወላጅ ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ማለት ከትምህርት የተረፈ ጊዜ የሚያልፍበት፣ ሰርተፍኬት ላይ የማይወጣ ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ «ባንድ ልገባ ነው» ሲል ብዙ ወላጅ ከሚኒ ሚዲያ ጋር ይደምረውና «ትምህርትህን አይንካብህ እንጂ ግባ» ይላል። ባንድ ግን ትምህርት ነው። በፕሮግራሙ ላይ የራሱ ክፍለ ጊዜ አለው፤ በሙያው የሠለጠነ መምህር አለው፤ ውጤቱም ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ይወጣል። ኦርኬስትራውና መዘምራኑም እንደዚሁ ናቸው። ሥዕል፣ ድራማ፣ ስፓኒሽ፣ ኮምፒውተር፣ ምግብ ማብሰልና ልብስ መስፋትም በዚሁ መደብ ውስጥ ይገባሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግማሽ ዓመት ብቻ የሚፈጁ ናቸው። ክበብ የሚባሉት ደግሞ በምሳ ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰቡት፣ ነጥብ የሌላቸው፣ ልጁ ካልተመቸው በማግስቱ ሊተዋቸው የሚችላቸው ናቸው።

ሙዚቃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዘግይቶ ለመግባት የሚከብደው እሱ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ጀማሪዎች ሁሉ አብረው ይጀምራሉ። ባንድ የትንፋሽና የምት መሣሪያዎች ስብስብ ነው፦ ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ከበሮ። ኦርኬስትራ በዚህ ደረጃ ባለ አውታሮቹን ይይዛል፦ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የክላሪኔት ተማሪ መላውን መሣሪያ ላይነካ ይችላል። አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ብቻ ይዞ፣ ቀጭኗን የሸምበቆ ቁራጭ በምራቁ አርሶ፣ አንድ ድምፅ ሳይንሲያጠጥ ለማውጣት ይለፋል። ሸምበቆዋ ስስ ናት፤ ጥርስ ከነካት ትሰነጠቃለችና መለዋወጫ በፓኮ ይገዛል። ከበሮ የመረጠውም ቢሆን ድራም ላይ ተቀምጦ እንደ ልቡ አይመታም፤ የሚሰጠው የላስቲክ መለማመጃና በመዶሻ የሚመታ የብረት ቁልፎች ሰሌዳ ነው። ይህን ሳያውቁ ከበሮ መርጠው የሚያኮርፉ ልጆች ብዙ ናቸው።

ሁሉም ከዜሮ መጀመሩ ቁም ነገር አለው። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍል ከእኩዮቹ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል፤ በጀማሪዎች ባንድ ውስጥ ግን አጠገቡ የተቀመጠው አሜሪካዊም ኖታ ማንበብ አይችልም። በእኔ አስተያየት አዲስ ለመጣ ልጅ ከዚህ የተሻለ ክፍል ማግኘት ይከብዳል። በሁለተኛው ዓመት ይህ ዕድል ይጠባል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ልግባ የሚል ልጅ ዓመት ሙሉ የተለማመዱት መሐል ነው የሚቀመጠው፤ አንዳንድ መምህር በግል ካልተማርክ አልቀበልህም ይላል።

ኪቦርድ ያለበት ቤት አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ልጁ ትራምፔቱን ይዞ «ይሄ ዶ ነው» ብሎ ሲነፋ አባቱ ኪቦርዱ ላይ ዶን ቢነካ ድምፁ አይገጥምም። ልጁ አልተሳሳተም። ትራምፔትና ክላሪኔት ኖታቸው ላይ ዶ ብለው የሚያነቡት በኪቦርድ ሲ ቤሞል ሆኖ ይወጣል፤ አልቶ ሳክስፎን ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ሶል ይነፋል። ፍሉትና ትሮምቦን እንደ ኪቦርዱ ናቸው። መምህሩ ሁሉንም የሚያስማማበት የራሱ አጠራር ስላለው ቤት ውስጥ «ተሳስተሃል» እያሉ ማረም ልጁን ማደናገር ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ገንዘብ ነው። አብዛኛው ሰው መሣሪያውን በወር ኪራይ ይይዛል፤ ብዙዎቹ ሱቆች የተከፈለው ኪራይ ከግዢ ዋጋው ላይ የሚቀነስበት ውል አላቸው። ከኢንተርኔት በርካሽ የሚመጣውን ትራምፔት መምህራኑ አጥብቀው ይቃወሙታል፤ ሲበላሽ ጠጋኞቹ አንቀበልም ስለሚሉ ርካሽነቱ እዚያው ያልቃል። ቫዮሊንና ቼሎ ደግሞ በልጁ ቁመት ልክ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ እየተባሉ ስለሚመጡ መከራየቱ ይሻላል፤ ልጁ ሲያድግ ይቀየራል። ቱባን፣ ዩፎኒየምን፣ ደብል ቤዝን የመሳሰሉ ትልልቆቹን በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ ያበድራል፤ እነዚህን የሚመርጥ ልጅ ጥቂት ስለሆነም መምህሩ በደስታ ነው የሚቀበለው። በካሊፎርኒያ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በሰጠው ውሳኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ላሉ እንቅስቃሴዎች እንኳ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። በሌሎች ግዛቶች ሕጉ ይለያያል፤ ሆኖም አቅም ለሌለው ቤተሰብ የሚሰጥ መሣሪያ ወይም የክፍያ ምሕረት ብዙ ቦታ አለና ካውንስለሩን (የተማሪዎች አማካሪውን) ወይም የባንዱን መምህር መጠየቅ ነው። መጠየቅ ነውር የሆነብን ስንቶቻችን ነን!

የምሽት ኮንሰርትም ነጥብ አለው። ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ላይ መቅረብ በብዙ ክፍል እንደ ፈተና ይቆጠራል። የዓመቱ የኮንሰርት ቀናት መስከረም ላይ ስለሚታወቁ የማታ ሥራ ያለበት ወላጅ ልጁን የሚያደርስለት ሰው አስቀድሞ ይፈልግ።

ሙዚቃ የት ያደርሳል ለሚል ወላጅ ሙላቱ አስታጥቄን ማንሣት ግድ ይላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቤተሰቡ ኢንጂነሪንግ እንዲያጠና ብሎ ነበር ወደ ዌልስ የላከው። ሬክሳም አጠገብ በነበረው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ከሙዚቃ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን፣ ከዚያ ኢትዮ ጃዝ። ልጅዎ ሙላቱ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ልጅ ሃይስኩል ሲገባ ክላሪኔቱን ይመልሳል። ያም ቢሆን ሦስት ዓመት ኖታ ማንበቡ የትም አይሄድበትም።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። ተመራጭ ትምህርት የሚገባበት ቦታ በቀን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ለዚያ ቦታ የሚሻማው ግን ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ የቋንቋ ድጋፍ ክፍሉ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚሁ ቦታ ነው። በንባብ ወይም በሒሳብ የደከመ ልጅም ሁለተኛ የንባብ ወይም የሒሳብ ክፍል ሲመደብለት የሚነሣበት ሥዕሉ ወይም ባንዱ ነው። ልጁ ሳይመርጥ፣ ወላጅም ሳይሰማ ይሆናል። ፕሮግራሙ ሲመጣ የተመረጠው ነገር ከሌለ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ አስተርጓሚ ከተፈለገም መጥራት ይቻላል። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማን የመሳሰሉ አካባቢዎች መረጃቸውን በአማርኛም ያወጣሉ። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይመከርም፤ ስለ ራሱ ጉዳይ የሚያስተረጉም ልጅ የሚመቸውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ሌላው ተሻሚ የውጭ ቋንቋ ነው። በብዙ ቦታ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚወሰድ ስፓኒሽ ለሃይስኩል ይቆጠራል። አማርኛ አንብቦ መጻፍ የሚችል ልጅ ያለው ቤት እዚህ ላይ መላ አለው፤ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲና የሲያትል ትምህርት ቤቶች ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ ክሬዲት የሚያገኝበት አሠራር አላቸው፣ አማርኛም አለበት። ከየትኛው ክፍል ጀምሮ መፈተን እንደሚቻል ካውንስለሩ ይነግራችኋል። ቋንቋው በፈተና ከተያዘ ቦታው ለሙዚቃው ይለቀቃል።

ክበቦቹ ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። ሮቦቲክስ፣ ቼዝ፣ የዓመት መጽሐፍ ዝግጅት፣ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ማትካውንትስ የተባለው የሒሳብ ውድድር ሁሉም በፈቃደኝነት ናቸው። ናሽናል ጁኒየር ኦነር ሶሳይቲ ብቻ ውጤትና ጠባይ ታይቶ በምርጫ የሚገባበት ነው። የራሳቸውን የሐበሻ ክበብ ማቋቋም የሚፈልጉ ልጆችም በአብዛኛው የሚጠየቁት በቂ አባልና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ መምህር ነው።

ወላጅ ከመፍቀዱ በፊት ሊያጣራው የሚገባው መጓጓዣውን ነው። ክበብ ሲያልቅ መደበኛው አውቶቡስ ሄዷል። ዘግይቶ የሚወጣ አውቶቡስ ያለው ትምህርት ቤት አለ፣ የሌለውም አለ፤ ያለውም በየቀኑ አይወጣም፣ ልጁንም ጠዋት ከሚሳፈርበት ቦታ ላያወርደው ይችላል። የትኛው ቀን እንደሚወጣና የት እንደሚያወርድ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።