በሙታን መካከል ሰውን ማመን

ይህን ርእስ ስታዩ «የሬሳ ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። አባቴም መጽሐፉን በእጄ ባየ ጊዜ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ስለ ነበረ፣ አሁን በሰፊው ጽፌ ለእርሱም ለእናንተም ለማስረዳት አሰብሁ።

መጽሐፉ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ይባላል፤ «የሚራመዱ ሙታን» ማለት ነው። በሥዕል የሚነገር ታሪክ ሲሆን ደራሲው ሮበርት ከርክማን ነው። የመጀመሪያዎቹን 6 ቍጥሮች የሣለው ቶኒ ሙር፣ ከ7ኛው ቍጥር እስከ መጨረሻው የሣለው ደግሞ ቻርሊ አድላርድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 ድረስ በአሜሪካ አገር 193 ቍጥሮች ታትመው ወጥተዋል፤ ውስጡም በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሣለ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረውን የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ሁለቱ በብዙ ስፍራ ስለሚለያዩ፣ እዚህ የምናገረው ስለ መጽሐፉ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ሪክ ግራይምስ የተባለ የኬንተኪ ፖሊስ በጥይት ቆስሎ፣ ራሱን ስቶ ከተኛበት ሆስፒታል ሲነቃ ነው። በነቃ ጊዜ ሐኪም የለም፤ መንግሥት የለም፤ በየመንገዱ የሚንከራተቱት ሙታን፣ ማለት ዞምቢዎች ናቸው። ሙታኑ ስለ ምን እንደ ተነሡ መጽሐፉ አይገልጽም። ደራሲው የሚመረምረው ሌላ ጥያቄ ነውና፤ ፖሊስና ዳኛ በሌለበት ዓለም ሰው የማያውቀውን ሰው እንዴት ሊያምን ይችላል?

ይህ ጥያቄ ከሙታኑ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ሙት አይዋሽም፤ ሲመጣ ይታያል፤ ሰው ከተጠነቀቀም ሊያመልጠው ይችላል። ሕያው ሰው ግን እየሣቀ ቀርቦ ሊገድል ይችላል። የሪክ ጓደኞችም ይህን የተማሩት በመከራ ነው። በወኅኒ ቤት ግንብ ውስጥ ተጠግተው ሳሉ ሄሊኮፕተር ሲወድቅ አዩ። ሪክ፣ ግሌንና ሚሾን የተረፈ ሰው ካለ ለመርዳት ሄዱ፤ ዱካውም ዉድበሪ ወደምትባል ከተማ አደረሳቸው። የከተማዋ ገዢ የመኖሪያቸውን ስፍራ እንዲነግረው ሪክን ጠየቀው፤ እንቢ ባለ ጊዜም ቀኝ እጁን ቈረጠው። ከዚያ ያስመለጣቸው ማርቲኔዝ የተባለ ሰው ወዳጅ መስሎ ቤታቸውን አየና፣ ለገዢው ሊነግር ሲሄድ ሪክ ደርሶ ገደለው። ይሁን እንጂ ገዢው ኋላ ወታደርና ታንክ ይዞ መጣ። በ48ኛው ቍጥር ወኅኒ ቤቱ ሲፈርስ የሪክ ሚስትና ጨቅላ ልጁ ሞቱ።

እንግዲህ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ ሪክ ከዚያ ወዲያ እንግዳን ሁሉ ቢጠራጠር የሚፈርድበት ማን ነው? አሮን የተባለ ሰው በመንገድ ላይ መጥቶ «ግንብ ያላት ከተማ አለችን፤ ኑ፣ ከእኛ ጋር ኑሩ» ቢለው፣ ሪክ መትቶ ጣለውና አሰረው። አሮን ግን ቂም አልያዘም፤ እንግዶቹ ከየት እንደ መጡ ያውቅ ነበርና።

ከተማይቱ በዋሽንግተን አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ናት። የገቡት ሰዎች መሣሪያቸውን ለግምጃ ቤት እንዲያስረክቡ ታዘዙ። ሪክም አስረከበ፤ ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ግሌንን ልኮ ጠመንጃ በስውር አስወጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት አታላዩ የከተማው ሰው ሳይሆን ሪክ ራሱ ነበረ። ብዙ የተከዳ ሰው ሳያውቀው ከዳተኛ ሊሆን እንደሚችል መጽሐፉ ያሳየናል።

ይህ ልብ የተለወጠው በስብከት አይደለም፤ በአንድ ሌሊት ሥራ ነው። የሙታን መንጋ ግንቡን ጥሶ በገባ ጊዜ የሪክ ልጅ ካርል አንድ ዓይኑን አጣ። ሪክና ጓደኞቹ በጥቂት ሰው ሊዋጉ ሲወጡ፣ ደካማ ያሏቸው የከተማው ሰዎች ከየቤታቸው መጥረቢያና ቢላዋ እየያዙ ወጥተው አብረዋቸው ቆሙ። ሪክ ከዚያን ሌሊት በኋላ ልጁን ሲያስታምም፣ የከተማው ሕዝብ ሸክም ሳይሆን ኀይል መሆኑን ተረዳ።

ከዚህ የሚከተለው እርምጃ ከሌላ ከተማ ጋር መተማመን ነው፤ ይህም ከፊተኛው ይከብዳል። ስለ ጠጕሩና ስለ ጢሙ ጂሰስ ተብሎ የሚጠራ ሰው ሂልቶፕ ከተባለች መንደር መልእክተኛ ሆኖ መጣ። ሪክ እርሱንም አሰረው፤ ከኋላው ጦር ይኖራል ብሎም አካባቢውን አስፈተሸ። ጦር አልተገኘም። ስለዚህ ሰዎቹን ይዞ መንደሪቱን በዓይኑ ሊያይ ሄደ። ሂልቶፕ እህልና ከብት ነበራት፤ የሚዋጋላት ሰው ግን አልነበራትም። አሌክሳንድሪያ ተዋጊ ነበራት፤ እህል ግን አጥሯታል። መተማመናቸው የተጀመረው እንግዲህ በፍቅር ሳይሆን በመፈላለግ ነው።

እዚህ ላይ ሪክ ትልቅ ስሕተት ሠራ። ሂልቶፕን የሚያስገብራትን የኒጋንን ጭፍራ በጥቂት ሰው እናጠፋለን ብሎ ቃል ገባ፤ ጭፍራው ምን ያህል እንደሆነ ግን አልመረመረም። ዋጋውንም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው በ100ኛው ቍጥር የከፈለው ግሌን ነው፤ ኒጋን ሚስቱ እያየች በዱላ ገደለው። ብዙዎች ይህን አይተው «ሂልቶፕን ማመን ስሕተት ነበር» ይላሉ። እኔ ግን ጥፋቱ ወዳጅን ማመን ሳይሆን የማያውቁትን ጠላት መናቅ ነው እላለሁ። ሪክም ከሐዘኑ በኋላ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ነብር የሚያስከትለውን የኤዝቅኤልን ከተማ ጨምሮ ሦስቱን ከተሞች አስተባበረ።

በጦርነቱ ውስጥ እጅግ የገረመኝ የድዋይት ነገር ነው። ድዋይት የኒጋን ወታደር ሆኖ ሳለ ለሪክ ወገን በስውር ለመሥራት ቃል ገባ። ማርቲኔዝን ያየ አንባቢ እንዴት ይመነው? በኋላ ኒጋን መሣሪያዎች ሁሉ በሙታን ደም እንዲለወሱ አዘዘ፤ በዚያ የተወጋ ሰው ይሞታልና። ድዋይትም በጌታው ፊት ሪክን በፍላጻ ወጋው። ሁሉም የሪክን ሞት ሲጠባበቁ እርሱ ዳነ፤ ፍላጻው ንጹሕ ነበረና። በዚህም ከከዳተኛ ወገን ታማኝ ሰው ሊወጣ እንደሚችል ታወቀ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሪክ ኒጋንን አልገደለውም፤ ቍስሉን አስክሞ አሰረው እንጂ። በዚህ ነገር ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ጓደኛዬ «ለግሌን ደም ፍርድ አልተሰጠም» ሲል፣ እኔም መጀመሪያ ከእርሱ ጋር ነበርሁ። ቀጣዩን ካነበብሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ሰው የሚገደለው በቍጣ ሳይሆን በሕግ መሆኑን ሁሉም ካላወቀ፣ ትናንት ጠላት የነበረ መንደር ዛሬ እንዴት ወደ ገበያ ይመጣል? ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በከተሞቹ መካከል ንግድ ነበረ፤ የሚጠበቅ መንገድ ነበረ። በዚያ ጊዜ ማግና የተባለች ሴት ከጓደኞቿ ጋር መጥታ፣ በምድር ቤት የታሰረውን ኒጋንን ባየች ጊዜ አሌክሳንድሪያን ተጠራጠረች። አንድ ቀን በጥርጣሬ ይመለከት የነበረው ሪክ አሁን ተጠርጣሪ ሆነ። እርሱም አልተቈጣም፤ አሮንን ያሰረበትን ቀን አልረሳምና።

መጽሐፉ ግን መተማመን ሁልጊዜ ይሠምራል አይልም። የሙታንን ቆዳ ለብሰው የሚኖሩ ሕዝቦች ድንበር ሲያበጁ የ12 ሰዎችን ራስ በእንጨት ላይ ሰቀሉ፤ ኤዝቅኤልም አንዱ ነበረ። በመጨረሻም 50 ሺህ ሕዝብ ባላት ኮመንዌልዝ በተባለች ከተማ ሪክ ሕዝቡንና ገዢዎቹን ከእርስ በርስ ጦርነት አዳናቸው፤ ነገር ግን የገዢዋ ልጅ በመኝታ ቤቱ ተኵሶ ገደለው። ያን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለብዙ ጊዜ ቁጭ አልሁ። ሰውን ለማመን ይህን ያህል የደከመ ሰው ፍጻሜው ይህ ከሆነ ልፋቱ ምን ጠቀመ አልሁ። መልሱ በመጨረሻው ቍጥር አለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካርል ሚስትና ልጅ ይዞ በሰላም ይኖራል፤ ክስ ቢደርስበትም የሚቀርበው በጠመንጃ ፊት ሳይሆን በዳኛ ፊት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ 9ኛ ክፍል ስንገባ ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤት የመጣን ስለ ነበርን በየወገናችን ተቀምጠን እንተያይ ነበር። ያቀራረበን ንግግር ሳይሆን ደብተር መዋዋስ ነው፤ አንዱ አዋሰ፣ ሌላው በጊዜው መለሰ። ሪክ እጁንና ቤተ ሰቡን አጥቶ የተማረውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ እየመረመሩ ጥቂት በጥቂት ማመን፣ የታመኑበትንም በጊዜው መመለስ።

አባቴ ይህን ካነበበ በኋላ መጽሐፉን ዳግመኛ ቢጠይቀኝ፣ የመጀመሪያውን ጥራዝ በደስታ አውሰዋለሁ።