ነፃ የኢንተርኔት የትምህርት መርጃዎች በመማሪያ ክፍል

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጨው የቴሌቪዥን ትምህርት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በሕዝቡ ዘንድ «ፕላዝማ» የሚል ስያሜ ማግኘቱ ይታወሳል። ሥርጭቱ በየአካባቢው ለሚገኙ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ይዘት ለማድረስ ያስቻለ ነበር። በአንጻሩ ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል፣ መምህሩ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል በተመልካችነት እንዲያሳልፍ ማድረጉ ከተሰነዘሩበት ትችቶች ዋነኛው ነው። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሳም በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ አያየውም።

በአሁኑ ጊዜ በኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ ሥዕሎች፣ ፊልሞች፣ የድምፅ ቅጂዎችና በኮምፒዩተር የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች የመምረጡን ሥልጣን ለመምህሩ ይመልሳሉ። መምህሩ የሦስት ደቂቃ ፊልም መርጦ፣ በፈለገው ቦታ አቁሞ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ተማሪዎቹን መጠየቅ ይችላል። ለአብነት ያህል የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት «ፌት» የተሰኘ ፕሮጀክት፣ ተማሪዎች ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በስክሪን ላይ እያገናኙ የኤሌክትሪክ ፍሰትን እንዲመረምሩ ያስችላል። ባትሪና አምፖል ባለበት ትምህርት ቤት በእውነተኛው ዕቃ መሥራት እንደሚመረጥ እሙን ነው፤ ሆኖም ኤሌክትሮን በእውነተኛ ሽቦ ውስጥ ሲጓዝ አይታይም።

የትምህርት ባለሙያዎችና ኃላፊዎች በቅድሚያ ሊገነዘቡት የሚገባው ጉዳይ «ነፃ» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። አንድን ፊልም ያለ ክፍያ ማየት መቻል፣ ፊልሙን ቀድቶ ለትምህርት ቤቶች ለማሰራጨት ፈቃድ ማግኘት ማለት አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 ባካሄደው መድረክ ስያሜ ያገኙት «ክፍት የትምህርት ሀብቶች» ግን የመቅዳት፣ የማሻሻልና መልሶ የማሰራጨት ፈቃድ አስቀድሞ የተሰጠባቸው ናቸው። ለዚህ ዓላማ በስፋት የሚያገለግለው «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የተባለው የፈቃድ ዓይነት ሲሆን፣ ባለመብቱ የሚያስቀምጣቸው ግዴታዎች ከሥራ ሥራ ይለያያሉ። የሁሉም መነሻ የአዘጋጁን ስም መግለጽ ነው። ለንግድ ማዋልን የሚከለክል ፈቃድ ያለው ጽሑፍ ተባዝቶ ሊሸጥ አይችልም። ማሻሻልን የሚከለክለው ደግሞ ለእኛ የተለየ ትኩረት ይሻል፤ ትርጉም እንደ ማሻሻያ ስለሚቆጠር፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ ማሰራጨት አይቻልም። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ የሚያወጣቸው ፎቶግራፎች ግን በአብዛኛው የቅጂ መብት ገደብ የለባቸውም።

በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ዓላማ በተመጣጣኝ መጠን ማባዛትን ይፈቅዳል። ይህ ድንጋጌ መምህሩን በክፍሉ ውስጥ የሚጠቅመው ቢሆንም፣ አንድ ቢሮ ሙሉ ሥራን አባዝቶ በክልሉ ለማከፋፈል መሸሸጊያ ሊያደርገው አይገባም።

ሌላው ጥያቄ የኢንተርኔት ግንኙነት ነው። በርካታ ትምህርት ቤቶች መስመሩ ያልደረሳቸው ወይም ያለማቋረጥ የማያገኙ መሆናቸው የሚካድ አይደለም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውና «ኪዊክስ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም አመቺ መፍትሔ ይዟል። በዚህ ፕሮግራም ዊኪፒዲያንና የፌትን ቤተ ሙከራዎች የመሳሰሉ ስብስቦች ግንኙነት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ተቀድተው፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላሉ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አነስተኛ የውጭ ዲስክ ይበቃዋል። አንዱ ኮምፒዩተር ይዘቱን በትምህርት ቤቱ ውስጣዊ መስመር ለሌሎቹ ማካፈልም ይችላል። በመሆኑም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መስመር ካለው፣ ዲስኩን በየሴሚስተሩ አድሶ ለሱፐርቫይዘሮች መስጠት ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ግን በዚህ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

በነፃ ከሚገኙት መርጃዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። ይህ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ለሆነው ሁለተኛ ደረጃ እምብዛም እንቅፋት አይሆንም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሚማሩት የአንደኛ ደረጃ ሕፃናት ግን የሚገኘው ጥቂት ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተነሳው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» አማርኛን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ ቋንቋዎች የሕፃናት ተረቶችን በክፍት ፈቃድ ያቀርባል፤ ቀሪውን ክፍተት የሚሞላው ግን የራሳችን ሥራ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጁ የሬዲዮ ትምህርቶች፣ ሥዕሎችና መጻሕፍት በየክልሉ አሉ። የዩኔስኮ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 የተቀበሉት የውሳኔ ሐሳብም በሕዝብ ገንዘብ የሚዘጋጁ የትምህርት ሥራዎች በክፍት ፈቃድ እንዲቀርቡ ያበረታታል። ከአዘጋጆችና ከሠዓሊዎች ጋር ውል ሲፈረም ይህን የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ ካልገባ፣ ቢሮው ራሱ ገንዘብ ያወጣበትን ሥዕል ለሌላ መጽሐፍ ለመጠቀም እንደገና ፈቃድ ሊጠይቅ ይገደዳል።